«ማን ጀመረው?»፦ የገና ጨዋታ፣ የሜዳ ጠብና የተጠያቂነት ጥያቄ



የዛሬውን ርእስ ሳሳውቅ አንድ ወዳጄ «የገና ዱላ ጠብ ለታሪክ መምህር ምን ይሆነዋል?» ሲል ቀለደብኝ። ቀልዱን ተቀብያለሁ። ሆኖም እኔ ባደግሁበት የዳባት ገጠር ሰዎች ዘመናቸውን የሚቆጥሩት በነገሥታት ስምና በረኀብ ብቻ አልነበረም፤ «ላይኞቹና ታችኞቹ የተፈነካከቱበት ገና» እያሉም ይቆጥሩ ነበር። ሕዝብ ዘመኑን የሚቆጥርበት ነገር በታሪክ ባለሙያ ዘንድ የሚናቅ አይደለም።

ጠብ ካለፈ በኋላ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ማን ጀመረው?» የሚል። በገናም፣ በእግር ኳስም፣ ባሕር ማዶ ባለው ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታም ይኸው ይጠየቃል። እኔ የምሞግተው ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከሁለቱ ትንሹ መሆኑን ነው። ትልቁ ጥያቄ ሰዉን ማን ሰበሰበው፣ «በቃ» ማለት የሚችለውስ ለምን ዝም አለ የሚለው ነው። ይህን ትልቁን ጥያቄ ባህላችን ራሱ እንዴት እንደሸፈነው ለማሳየት እሞክራለሁ።

ከመካከላችሁ በከተማ ያደጋችሁ ስላላችሁ ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። ገና በልደት በዓል ሰሞን የሚዘወተር የወንዶች ጨዋታ ነው። በትውፊታችን መነሻው የጌታን መወለድ የሰሙ እረኞች በደስታ በበትራቸው ሩር መለጋታቸው ነው። ዱላው ጫፉ የቆለመመ ሲሆን፣ ተስማሚው እንጨት ከበዓሉ ቀደም ብሎ ተፈልጎ ይቆረጣል፤ ልጅ ሆነን ዱር ለዱር ስንዞር የምንፈልገው ያንኑ ተፈጥሮ ያጎበጠውን ቅርንጫፍ ነበር። ሩሩ ከእንጨት ይጠረባል፣ ወይም ከጠፍር ይሠራል። ሁለት ወገኖች ይሰለፋሉ፤ አንዱ ሩሩን ወደ ሌላው ክልል አሳልፎ ለመለጋት፣ ሌላው ለመመለስ ይታገላል።

አሁን ደግሞ ጨዋታው የሌለውን እንመልከት። እኔ በማውቀው የገጠሩ ገና የተጫዋቾች ቁጥር ገደብ አልነበረውም፤ ከሰበካው ዱላ ያለው ሁሉ ይገባል። ሜዳው እህሉ የተነሣለት ማሳ ወይም የግጦሽ መስክ ነው፤ ግቡ አንዳንዴ ጅረት፣ አንዳንዴ ዛፍ፣ አንዳንዴም የባላጋራው መንደር ጥግ ይሆናል። ሰዓት የለም፤ የሚያበቃው ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያስቸግር ነው። መለያ ልብስ የለም፤ የወገንህን ሰው በመልኩ ታውቀዋለህ። ከሁሉ በላይ ዳኛ የለም። ሩሩ በአቧራ ውስጥ ሲሰወር አርባና ሃምሳ ዱላ በአንድ ቦታ ላይ ይወርዳል። ሩሩን ያለመ ምትና ቅልጥምን ያለመ ምት አነሣሣቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት ካረፉ በኋላ ብቻ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን የመቺውን ልብ ማን ያያል? «ማን ጀመረው?» የሚለው ጥያቄ ገና ከመነሻው መልስ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ጨዋታው በዚህ አካባቢ የቆየ መሆኑን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. ከ1843 እስከ 1846 በአገራችን፣ በተለይም በትግራይ ኖሮ በ1853 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ቀርሳ ይተርካል፤ ቀርሳ በልደት ሰሞን የሚዘወተር፣ እርሱ ካገሩ ሆኪ ጋር ያመሳሰለው የዱላና የሩር ጨዋታ ነው። በዚያ ዘመን ትግራይን ከስሜን ጋር አጣምረው ይገዙ የነበሩት የእኛው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። በጃን አሞራ የሚገኘውን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው።

ደረስጌን ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ደጃዝማች ውቤን በዚያ ድል ነሥተው፣ በተሸናፊው ቤተ ክርስቲያን፣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባሉ። የዚያን ጦርነት ምክንያትና ጥፋተኛ በአብዛኛው የምናውቀው ደብተራ ዘነብንና አለቃ ወልደ ማርያምን ከመሳሰሉ፣ የድል አድራጊውን ንጉሥ ዜና መዋዕል ከጻፉ ሰዎች ነው። በገናም እንዲሁ ነው። ሩሩን ያሳለፈው ወገን ማታ በጭፈራ ተሸናፊውን ይሰድባል፤ በዓመቱ የሚታወሰው ያ ስድብ እንጂ የተሸናፊው ማስረጃ አይደለም። ከአሸናፊ አፍ «ማን ጀመረው?» ብሎ የሚጠይቅ የታሪክ ተማሪ መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል።

ወደ ልጅነቴ ልመለስ፤ ለክርክሬ ስለሚያስፈልገኝ ነው። ዘመኑ 1970ዎቹ ነው። ሁለት አጎራባች ሰበካዎች፣ ላይኞቹና ታችኞቹ፣ በዚያው ክረምት በግጦሽ ወሰን ተጣልተው ነበር። ከብት ተነድቷል፤ እረኞች ተደባድበዋል፤ ሽማግሌ ተቀምጦም ነገሩ አልተቋጨም። የልደት ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ተበልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ገና ተወጣ። የተጫወቱት በዚያው በተጣሉበት መስክ ላይ ነበር። እኔ ገና ዱላ ያልተፈቀደልኝ ልጅ ስለነበርሁ ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር ጉብታው ላይ ሆኜ እመለከታለሁ። ባለሥልጣን የሚባለውም ሰው፣ የዚያ ዘመን ባለሥልጣን ማለቴ ነው፣ ከእኛ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሞ ነበር። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነገሩ መካረሩን አይቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እርሱ ከሄደ ጥቂት ቆይቶ ሩሩ ተረሳ። አንድ ጎልማሳ የግራ ዓይኑን አጣ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። «ማን ጀመረው?» አሉ። ላይኞቹ ታችኞቹን፣ ታችኞቹ ላይኞቹን ከሰሱ። የመታው ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ግን የገና ምት ነውና አይካሰስም ተባለ። ነገሩ ሊዘጋ ሲል የተጎጂው እናት ከዳር ሆነው አንዲት ነገር ጠየቁ፤ «የግጦሹ ነገር ሳያልቅ፣ በዚያ መስክ ላይ ተጫወቱ ያላቸው ማን ነው?» የመለሰላቸው ሰው አልነበረም። እኔ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ስለ ግጭት ታሪክ አንብቤያለሁ፤ ከዚያች ጥያቄ የተሻለ የምርምር ጥያቄ አላገኘሁም ብል ማጋነን አይሁንብኝ።

እዚህ ላይ ሁላችሁም የምታውቁት አባባል ይመጣል፤ በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚለው። ስለ ባህላችን የሚጽፉ ሰዎች ይህን አባባል ሲያወድሱት ይኖራሉ። በእርግጥም የሚያስወድስ ነገር አለው። ዓመቱን ሙሉ ቀና ብሎ የማያየውን ባለርስት፣ ገባሩ በዚያች ቀን በግጥም ይነካዋል፤ ሩሩን ከእግሩ ሥር ይነጥቀዋል፤ ሲብስም ዱላው ያርፍበታል፤ ቂም ግን አይያዝም። አስቀድሞ የተሰጠ ይቅርታ ነው ልንለው እንችላለን። በማዕረግ በተደራረበ ኅብረተሰብ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ነገር ግን አባባሉን ደግመን እናዳምጠው። ጌታውን አትቆጣ ይለዋል እንጂ ኀላፊነት ውሰድ አይለውም። አለመቆጣት ሁለት ፊት አለው። አንዱ ፊት ትዕግሥት ነው፤ ሌላው ፊት ዞር ብሎ ወደ ቤት መሄድ ነው። ሽማግሌው፣ ባለርስቱ፣ ሊቀ መንበሩ በዚያች ቀን የማይቆጣ ከሆነ የማይከለክልም ይሆናል። አስቀድሞ የተሰጠው ይቅርታም የሚጠቅመው ማንን እንደሆነ መመርመር ያሻል። ቅልጥሙ ለተመታ ሰው ይቅርታው ጥቂት ቀን ያነክሰዋል፤ ዓይኑ ለጠፋ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን የሚከፍለው ዕዳ ነው። የመታው ከዱላው ጋር ቤቱ ይገባል። የሰበሰባቸውም ስሙ ከቶ አይነሣም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ532 በቁስጥንጥንያ የሰረገላ እሽቅድምድም ደጋፊዎች፣ ሰማያዊዎቹና አረንጓዴዎቹ፣ ያስነሡት ሁከት የከተማዋን ከፊል አቃጠለ፤ ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው ከሠላሳ ሺሕ በላይ ሰው አለቀ። ለብዙ ዘመን ጥፋቱ በሥርዐት አልባ ሕዝብ ላይ ሲደፈደፍ ቆይቷል። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ዩስቲንያኖስ ራሱ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ እንደነበረ እናውቃለን። የቤተ መንግሥቱ ጥላ ያረፈበት ወገን ጠብ ሲያነሣ ጥፋተኛው ጠበኛው ብቻ ነው ማለት ይከብዳል።

ለዘመናችን የሚቀርበውና ከገና ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው ምሳሌ ደግሞ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ቤዝቦል እንደ ገና የዱላና የኳስ ጨዋታ ነው፤ አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ ከመቺው ኋላ ተቀባይ ይቀመጣል። በዚያ ጨዋታ ኳስን ሆን ብሎ ወደ መቺው ሰውነት አስጠግቶ መወርወር የቆየ የማስፈራሪያ ዘዴ ነው፤ ያልተጻፈው ሕግም የእኛ ሰው ላይ ከተወረወረ በእናንተም ሰው ላይ ይወረወራል ይላል። ጠብ ሲነሣ ደግሞ በተጠባባቂ ወንበር ላይ ያለው ሁሉ ወደ ሜዳ ይሮጣል። ተቀምጦ የቀረ በጓደኞቹ ዘንድ ይናቃል። የእኛ ገጠር ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 1965 የሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስና የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ቡድኖች ሲጋጠሙ የጃይንትሱ ወርዋሪ ሁዋን ማሪሻል አስቀድሞ የዶጀርስ መቺዎች ላይ አስጠግቶ ወርውሮ ነበር። እርሱ በተራው ለመምታት ሲቆም የዶጀርሱ ተቀባይ ጆን ሮዝቦሮ ኳሱን ለወርዋሪው ሲመልስ በማሪሻል ጆሮ አጠገብ አሳለፈው። ማሪሻል ዞሮ ሮዝቦሮን በዱላው ራሱን መታው። ሜዳው በሁለቱም ቡድን ሰዎች ተሞላ፤ ጠቡን ለማብረድ አሥራ አራት ደቂቃ ያህል ፈጀ። የሮዝቦሮ ቁስል በአሥራ አራት ስፌት ተዘጋ።

ማን ጀመረው? ማሪሻል ነው ብንል ሮዝቦሮ ኳሱን አስቦበት እንዳስጠጋ በኋላ በጻፈው ግለ ታሪክ ራሱ አምኗል። ሮዝቦሮ ነው ብንል ከእርሱ በፊት ማሪሻል ወርውሯል። ከሜዳው ውጭ ደግሞ የማሪሻል አገር ዶሚኒካን ሪፐብሊክ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ነበረች፤ የሮዝቦሮ ከተማ ሎስ አንጀለስ ከዋትስ ሁከት ገና ቀናት መቁጠሯ ነበር። ይህን ስል ማሪሻልን ነፃ ማውጣቴ አይደለም፤ ዱላውን ያነሣው የእርሱ እጅ ነው። ሊጉ ማሪሻልን ለስምንት ጨዋታ አገደው፤ 1,750 ዶላርም ቀጣው። ማስጠጋትን የጨዋታ ጥበብ፣ መበቀልን የወንድ ግዴታ አድርገው ተጫዋቾቹን ያሳደጉት አሠልጣኞችና ባለቤቶች ግን በዚያ ፍርድ ውስጥ ስማቸው የለም።

ስለ ፍርድ ካነሣን የራሳችንን ሕግ እንመልከት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2068 ስለ ስፖርት የሚናገረው ነገር ለእኔ ሁልጊዜ የገናን አባባል ያስታውሰኛል። በስፖርት ጨዋታ ላይ ሳለ አብሮት በሚጫወተው ወይም በተመልካች ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው፣ የማታለል ሥራ ካልሠራ ወይም የጨዋታውን ደንብ በከባድ ሁኔታ ካልጣሰ በቀር አይጠየቅም። ይህም አስቀድሞ የተሰጠ ይቅርታ ነው፤ ግን ድንበር አለው፤ ድንበሩም የጨዋታው ደንብ ነው። ታዲያ ደንቡ ያልተጻፈ፣ ዳኛ የሌለው ጨዋታ ሲሆን «ከባድ ጥሰት» የሚባለው በምን ይለካል? የወንጀል ሕጋችን ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል፤ ሰው በተጎዳበት የቡድን አምባጓሮ የተካፈለ ሁሉ በመካፈሉ ብቻ ይጠየቃል ይላል፤ ራሱን ለመከላከል ወይም ለመገላገል የገባ ካልሆነ በስተቀር። ሕግ አውጪው «ማን ጀመረው?» የሚለው ጥያቄ በአቧራ ውስጥ እንደሚጠፋ ገብቶታል ማለት ነው። ያም ሆኖ ጉብታው ላይ ቆሞ ሲመለከት ቆይቶ ወደ ቤቱ የሄደውን ሰው ይህም አንቀጽ አይነካውም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ባላስቸገርኋችሁ። በ2010 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የእግር ኳስ ፕሪሚየር ሊጋችን ምን እንደገጠመው ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በኅዳር ወር የወልዲያና የመቐለ ክለቦች ሊጋጠሙ ሲሉ ወልዲያ በግጭት ታመሰች። በሚያዝያ ወር የወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና የመከላከያ ጨዋታ ላይ በጎል ውሳኔ ሰበብ ዳኛው በሜዳ ላይ እየተሳደደ ተደበደበ፤ ደብዳቢዎቹም ከጥላ ፎቅ የወረዱ ደጋፊዎች ሳይሆኑ የቡድኑ ሰዎች ነበሩ። ዳኞች አናጫውትም አሉ፤ ፌዴሬሽኑ ሊጉን አቆመ።

በዚያን ጊዜ በሬዲዮም በጋዜጣም የሰማነው «ሥርዐት አልባ ደጋፊ» የሚለውን ቃል ነው። እኔ ቃሉን አልወደውም። ደጋፊው መልአክ ነው ማለቴ አይደለም፤ ድንጋይ የወረወረ እጅ ይጠየቅ። ነገር ግን የክለቦቻችን አብዛኞቹ በጀት የሚቆረጥላቸው ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ተቋም ነው። ስማቸው የከተማ ስም ነው። ፖለቲከኛው በድል ቀን ከቡድኑ ጋር ፎቶ ይነሣል፤ ወጣቱን በከተማ፣ ቀጥሎም በብሔር ስም ይሰበስበዋል። ያልተቋጨ የወሰን፣ የማንነትና የሥልጣን ክርክር እያለ ዘጠና ደቂቃ ተጫወቱበት ይለዋል። ጠቡ ሲነሣ ያ ሰው የት ነው ያለው? በክብር ወንበሩ ላይ የነበረ አይቆጣም፤ አይጠየቅምም። የአማራና የትግራይ ክለቦች በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ መደረጉ ዱላን ከመስኩ የማራቅ ያህል የሚረዳ እርምጃ ነበር። የግጦሹን ነገር ግን አልቋጨውም። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም አይተነዋል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚያ ሰው ያልሞተበት ጥቂት ነው።

ዛሬ ገና በባህል ስፖርቶች ውድድር ላይ ዳኛ፣ የተወሰነ ሜዳና የተወሰነ ሰዓት አግኝቷል። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ይህማ ገና አይደለም፣ ሆኪ ነው» ብለው ሲያሾፉ ሰምቻለሁ። በከፊል እውነታቸውን ነው፤ ያ የሚያሳክር ስፋት፣ መንደር በሙሉ የሚወጣበት ግለት በፊሽካ ውስጥ አይገባም። እኔ ግን ከጉብታው ላይ ሆኜ ያየሁትን አይቻለሁና ፊሽካውን እመርጣለሁ። በተለይ ፊሽካው የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ እመርጠዋለሁ፤ ያልነፋው ሰው ስም አለው።

ማሪሻልና ሮዝቦሮ ከዓመታት በኋላ ታርቀዋል። ማሪሻል ወደ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ እንዲገባ ሮዝቦሮ ራሱ ተሟገተለት፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ገባ። ሮዝቦሮ በ2002 ሲሞት ማሪሻል በቀብሩ ላይ ተገኘ። እኛ መንደር የነበሩት ሁለት ሰዎች ግን አልታረቁም፤ በይፋ ተጣልተው ስለማያውቁ የሚያስታርቃቸው አልነበረም። በማኅበር ከአንድ ጽዋ ጠጥተዋል፤ በደቦ አብረው አጭደዋል። ዓይናማው ሰው ዓይኑ ከጠፋው ሰው በስተግራ ተቀምጦ አያውቅም፤ ይህን ያስተዋልሁት አድጌ ነው።

የግጦሹ ወሰን የተካለለው ከዚያ ገና ሦስት ዓመት ዘግይቶ ነበር። ያካለሉት ሰዎች ገመድ ይዘው ሲለኩ ያች እናት መስኩ ዳር ቆመው አይቻቸዋለሁ። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላ ይዤ ገና ገባሁ።